ንጉሡ ዶማ ያነሡበት ዘመን

ተረት ተረት! «የላም በረት» ብላችሁ መለሳችሁልኝ አይደል? እንግዲያው ጆሯችሁን ስጡኝ። ዛሬ የምተርክላችሁ በረቱ ቆሞ ላሚቱ የጠፋችበትን ዘመን ነው። ተረትም አይደለም፤ በእርግጥ የሆነ ነገር ነው። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. የዘለቀ፣ አያቶቻችን «ክፉ ቀን» ብለው ስም ያወጡለት መከራ ነው። ስሙ ቀን ይላል እንጂ ዓመታት ነው የፈጀው።

ነገሩ ከምጽዋ ይጀምራል። ጣሊያን ወደቧን በጥር 1877 ያዘ። ሁለት ዓመት ቆይቶ፣ ጥር 1879 ላይ፣ ራስ አሉላ ዶጋሊ ላይ አምስት መቶ ያህል ወታደር ፈጁበት። ቂሙን ሊወጣ በ1880 መጀመሪያ ብዙ ሺህ ጦር በመርከብ አመጣ። ጦር ደግሞ መብላት አለበት፤ ደጋው ጠላት ስለሆነ ከዚያ የሚገዛ ሥጋ የለም። ስለዚህ ለቀለብ የሚሆን ከብት ከባሕር ማዶ፣ እንደሚባለው ከህንድ፣ ተጭኖ ወደቡ ላይ ተራገፈ። ከከብቱ ጋር ማንም ያላየው ነገር አብሮ ወረደ።

የእኛ ሰው ይህን የከብት በሽታ «ደስታ» ይለዋል። ክፉን በደግ ስም እየጠሩ መደለል የቆየ ልማድ ነው፤ ይህኛው ግን በድለላ የሚመለስ አልነበረም። አገሩ ለበሽታው አዲስ ነበርና ከብቱ የሚቋቋምበት አቅም አልነበረውም። ከምጽዋ ተነሥቶ ወደ ትግራይ ወጣ፤ ከዚያ በጌምድርን፣ ጎጃምን፣ ወሎን፣ ሸዋን አዳረሰ። በዚያም አልበቃውም። ቁልቁል ወርዶ፣ ምሥራቅ አፍሪካን አቋርጦ፣ በዐሥር ዓመት ገደማ የአህጉሪቱ ደቡብ ጫፍ ደረሰ። ጎሹንና አጋዘኑን እንኳ አልማረም።

አንድ ቤት አብረን እናስብ። ስም አልሰጠውም፤ እንዲህ ያለ ቤት በየመንደሩ ነበረና። አባወራው ሁለት በሬ አለው፤ አንዱ ቦራ፣ አንዱ ዳልቻ። አንድ ጧት ቦራ ከተኛበት አልነሣ ይላል። አሞሌ ጨው ቢያቀርቡለት አይልስም። ጆሮውን ሲነኩት ያቃጥላል። በማግስቱ ዐይኑ ያነባል፤ እንባው ወፍሮ ጉንጩ ላይ ይደርቃል። አፉን ከፍተው ቢያዩ ድዱና ምላሱ ቆስሏል። ከዚያ ተቅማጡ ይጀምራል፤ ሽታው ሰፈሩን ይሞላል። ሴትዮዋ ጠበል ትረጫለች፣ ልጁ በረቱ ውስጥ ጭስ ያጨሳል። ሳምንት ይሁን ዐሥር ቀን፣ ብቻ ቦራ ይሞታል። ዳልቻ የጓደኛውን ሬሳ ሲያሸት ቆይቶ በሦስተኛው ቀን እሱም አሞሌውን እንቢ ይላል።

ከተሜው አንባቢ «በሬ ሞተ» ሲባል «ሥጋ ቀረ» ይመስለው ይሆናል። አይደለም። ለደገኛ ገበሬ በሬ እጁ ነው፤ ሞፈሩ፣ ቀንበሩ፣ ማረሻው ሁሉ ያለ በሬ እንጨትና ብረት ብቻ ነው። መሬቱ ራሱ የሚለካው በ«ጥማድ» ነበር፤ አንድ ጥንድ በሬ በቀን በሚያርሰው ልክ ማለት ነው። በዚያ ላይ ጤፍ ኩሩ እህል ናት። አራትና አምስት ጊዜ ታርሶ፣ አፈሩ ልሞ፣ በከብት ተረግጦ ካልጠበቃት አትበቅልም። አሁን እንግዲህ ዘር በእጁ ያለ፣ መሬቱም ያለ፣ ዝናብም ቢመጣ መዝራት የማይችል ገበሬ አስቡ። ዘሩን ከነቁናው እያየ ይርበዋል። ይበላዋል ወይስ ያስቀምጠዋል? ቢበላው ለከርሞ የለም። ቢያስቀምጠው ከርሞ ድረስ እሱ የለም። በብዙ ቤት ባልና ሚስት የተጣሉት በዚህ ይመስለኛል።

ዝናቡም ከዳ። በሽታው ያስቀረውን ድርቁ፣ ድርቁ ያስቀረውን አንበጣውና ተምቹ በላው። አይጡም ወረረ። የሰው በሽታ ደግሞ በተራው መጣ፤ ፈንጣጣ፣ ተስቦ፣ ኮሌራ። የተራበ ገላ ለበሽታ በሩን ከፍቶ ነው የሚጠብቀው። ከሕዝቡ ሲሶው አለቀ እየተባለ ይጻፋል። እኔ ይህን ቁጥር ስሰማ ሁሌም ቆም እላለሁ፤ የቆጠረ አልነበረምና። ከከብቱ ዘጠና ከመቶው አለቀ የሚለው ግን ከዳር እስከ ዳር የሚነገር ነው፤ የገበሬ ዐይን ሰው ባይቆጥር ከብት ይቆጥራል።

እዚህ ላይ ነው ሰው «ለምን?» ማለት የጀመረው። መልስ ደግሞ አልጠፋም፤ እንዲያውም በዛ። ዘመኑ አስቀድሞም የታመሰ ነበር። ጥር 1880 ላይ የሱዳን መሐዲስቶች ጎንደር ገብተው አብያተ ክርስቲያናቱን አቃጥለዋል። ጎጃም በራሱ ንጉሠ ነገሥት በዐፄ ዮሐንስ ጦር ተበዝብዟል። መጋቢት 1881 ላይ ደግሞ ዐፄ ዮሐንስ መተማ ላይ ወደቁ። ካህኑ መቅሰፍት ነው አለ፤ ሕዝቡ ምህላ ያዘ፣ «እግዚኦ» አለ። አንዱ የንጉሡ ደም ነው ሲል፣ ሌላው የነገሥታቱ ጥል ነው ይላል። በረሃብ ያበጠው ደግሞ የራሱን ትንሽ ኃጢአት ቆፍሮ ያወጣል፤ ያልመለሰው ብድር፣ ያልፈጸመው ስለት።

ልብ በሉ፣ ከብቱ ማለቅ የጀመረው ንጉሡ ከመሞታቸው በፊት ነው። ሰው ግን መከራን ሲተርክ ቅደም ተከተል ይቀያይራል፤ ትልቁን ሞት አስቀድሞ ሌሎቹን ከሱ ያስወልዳቸዋል። ይህን ስል አባቶቻችንን ለመንቀፍ አይደለም። በዐይን የማይታይ ተውሳክ ከመርከብ ወርዶ ቦራን ገደለው ቢባሉ ኖሮ ይህኛውም ተረት ይመስላቸው ነበር። ኃጢአት ነው ከተባለ ቢያንስ ንስሐ አለው፤ የሚሠራ ነገር ይኖራል። ምንም የማይሠሩለት መከራ ነው ሰውን የሚያሳብደው።

ደግሞስ ስለ ማዘን እናውራ ካልን፣ ክፉ ቀን ማዘንን ራሱን ነው የነጠቀው። የእኛ ሰው ሞትን የሚሸከምበት መንገድ አለው። ጥሩምባ ይነፋል፣ ጎረቤት ይመጣል፣ አልቃሽ ሙሾ ታወርዳለች፣ ቄሱ ፍትሐት ያደርሳል፤ ከዚያ ሰልስት፣ አርባ፣ ሙት ዓመት፣ ተዝካር ይከተላል። እያንዳንዱ ደረጃ ኀዘኑን ከአንድ ትከሻ ወደ ብዙ ትከሻ ያወርደዋል። ግን እያንዳንዱ ደረጃ እህል ይፈልጋል። ንፍሮ ያለ ስንዴ፣ ጠላ ያለ ጌሾና ገብስ፣ ተዝካር ያለ ሰንጋ የለም። ከሁሉ በፊት ደግሞ ሰው ይፈልጋል። «ቀባሪ አያሳጣህ» ብሎ የሚመርቅ አገር ቀባሪ አጣ። ሰው ቀዬውን ጥሎ እህል አለ ወደተባለበት ሲሰደድ መንገድ ላይ ይወድቃል፤ አብሮት የነበረው ደግሞ ቆሞ ለመቅበር አቅም የለውም። ጅቡ ሰው ለመደ። ሬሳ ከለመደ በኋላ በቁም ያለውንም መድፈር ጀመረ፤ ደካማ ሰው በመሸ ጊዜ ከቤቱ መውጣት ፈራ። በጊዜው የነበሩ ጸሐፍት፣ የእኛም የውጭም፣ ይህን ሲጽፉ ብዕራቸው የተንቀጠቀጠ ይመስላል። ከዚህም የከፋ ጽፈዋል፤ እኔ እዚህ ላይ ልተወው።

አሁን ወደ እንጦጦ እንውጣ። የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 እንጦጦ ማርያም ዐፄ ተብለው ተቀቡ። እንዲህ ያለ ዘውድ አስቡት! ነጋሪቱ ሲጎሰም ከተራራው ሥር የተራበ ሕዝብ ተኮልኩሏል። ንጉሡ ጎተራቸውን ከፈቱ፤ ለተራበው መጠለያ ትልቅ ዳስ አሠሩ፤ እቴጌ ጣይቱም እህል በማከፋፈሉ እንደነበሩበት ተጽፏል። ሕዝቤ በሬ አጥቶ እኔ የበሬ ሥጋ አልበላም አሉ ተብሎም ይተረካል። ይህ ሁሉ ደግ ነው፤ ግን ከነገሥታት የሚጠበቅ ነው። በየዘመኑ ደግ ንጉሥ ጎተራ ይከፍታል፤ ጎተራም ያልቃል።

እኔን የሚገርመኝ ሌላው ነው፤ ዶማው። የዜና መዋዕሉ ጸሐፊ ጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ ያቆዩልን ወሬ ነው። ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው ሜዳ ወረዱ፤ ቆፈሩ። ምሳሌ ሆነው መኳንንቱም ወታደሩም በእጁ እንዲቆፍርና እንዲዘራ አደረጉ። ዛሬ ባለሥልጣን ችግኝ ሲተክል ፎቶ መነሣቱን ለምደነዋልና «ታዲያ ምን ይደንቃል?» ትሉ ይሆናል። ቆይ፣ ላስረዳችሁ።

የደጋ ገበሬ አራሽ ነው፤ ቆፋሪ አይደለም። እርፍ ጨብጦ፣ ጅራፉን እያጮኸ፣ «ና ዳልቻ! ተመለስ ቦራ!» እያለ ቀጥ ብሎ የሚሄድ ሰው ነው። ዶማ ይዞ ማጎንበስ በሬ የሌለው የጭቁን ሥራ ተደርጎ ይቆጠር ነበር። ስለዚህ በሬው የሞተበት ገበሬ ሁለት ነገር ነው የሞተበት፤ በሬውና ክብሩ። ጎረቤት እያየው ዶማ ይዞ ከሚያጎነብስ ቤቱን ዘግቶ መሞትን የመረጠ አልነበረም ብዬ አልምልም። ንጉሥ ቆፍሮ ስንት ቁና እህል አገኘ ብላችሁ ከጠየቃችሁኝ፣ ኢምንት ነው። የአንድ ሰው ዶማ አንድ ጥማድ በሬ በቀን የሚያርሰውን በስንት ቀን ይጨርሰዋል! ግን ዘውድ የጫነ ሰው እጁ ውሃ እስኪቋጥር ከቆፈረ፣ ከዚያ በኋላ ማን ነው በዶማ የሚያፍር? ያ ዶማ የቆፈረው ከመሬቱ ይልቅ እፍረቱን ነው። በዚህ ዙሪያ ምኒልክን የሚያመሰግኑ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ስለ ትሕትና ያወራሉ። እኔ ትሕትናውን ትቼ ብልሃቱን ነው የማደንቀው።

አንድ ነገር ደግሞ አልሸሽግም። በዚያው ጊዜ በደቡብ በኩል ኑሮው በበሬ እርሻ ብቻ ላይ ያልተንጠለጠለበት፣ ዶማና መቆፈሪያ አዋራጅ ያልሆነበት አገር ነበር። ጉራጌው፣ ሲዳማው፣ ወላይታው፣ ከፋው እንሰት ይተክላል። እንሰት ዓመታት ትቆያለች፣ አንድ ዓመት ዝናብ ቢጎድል አትሞትም፣ ከሷ የሚሠራው ቆጮ ጉድጓድ ውስጥ ተቀብሮ ይከርማል። የከብት ፍግ ትፈልጋለችና እዚያም በሽታው አልጎዳም አይባልም። ግን የደጋው ሰው በመከራ ተገዶ የተማረውን ቁፋሮ እነዚህ ሰዎች ከአያት ቅድመ አያታቸው ጀምሮ ያውቁታል።

ታዲያ ከነሱ ተማርን ወይ? ዘመትንባቸው። ይህን የትረካውን ክፍል ብዙ ተራኪ ይዘለዋል፤ እኔ አልዘለውም። ሰሜኑ በሬ ሲያጣ ወታደሩ ከብት ወዳለበት ዘለቀ። በ1887 ዓ.ም. የምኒልክ ጦር ወላይታ ገብቶ፣ የወላይታው ንጉሥ ካዎ ጦና ተማርከው፣ በብዙ ሺህ የሚቆጠር ከብት ወደ ሰሜን ተነዳ፤ ሰውም አብሮ ተነዳ። በአንዱ ሰፈር «ክፉ ቀን አለፈ» ሲባል በሌላው ሰፈር ገና መግባቱ ነበር። ሁለቱንም ያደረጉት እኒያው ንጉሥ ናቸው፤ ዶማውንም፣ ዘመቻውንም።

ገበሬውስ? ንጉሥ በየመንደሩ አይደርስም። መንደሩ የራሱን ዘዴ ዘየደ፤ አዲስም አይደለም፣ የቆየውን አጥብቆ ያዘ። ከዐሥር ቤት አንዱ አንድ በሬ ተርፎለታል እንበል፤ ከወንዝ ማዶም እንዲሁ አንድ በሬ የተረፈለት አለ። አንድ በሬ ለብቻው ቀንበር አይጎትትም። ስለዚህ ሁለቱ ተቀናጁ፤ ዛሬ ያንተን፣ ነገ የኔን እያሉ አረሱ። በሬ ጨርሶ የሌለው ደግሞ ጉልበቱን ይዞ ገባ፤ አርሞ፣ አጭዶ በለውጡ የበሬ ቀን ተቀበለ። ገበያ ላይ የበሬ ዋጋ ሰማይ በነካበት ዘመን መቀናጆ ያለ ብር የሚገኝ በሬ ነበር። ሰው ተጣልቶ እንኳ መቀናጆ አያፈርስም ይባላል፤ ምክንያቱ ግልጽ ነው፣ ግማሽ በሬ ይዞ የት ይሄዳል?

እንዲህ እንዲህ እያለ በ1884 ዓ.ም. ገደማ ዝናቡም ተመለሰ፣ የተረፈው ከብትም መውለድ ጀመረ። ጣሊያን ግን ሥራውን አልፈታም ነበር። አገሩ በረሃብ ሲንቀጠቀጥ እሱ ሐምሌ 1881 ላይ ያለ ብዙ ውጊያ አሥመራ ወጥቷል። ሕዝቡ እንደላመ፣ ከእንግዲህ እንደማይነሣ ሳያስብ አልቀረም። ስሌቱን ተመልከቱ፤ ክፉ ቀን አልቆ አራት ዓመት ሳይሞላ መስከረም 1888 የክተት ነጋሪት ተመታ። የካቲት 23 ዓድዋ ላይ የተሰለፈ የሃያ ዓመት ወጣት፣ በሽታው ሲገባ የዐሥራ ሁለት ዓመት እረኛ ነበር። የሚጠብቀው ከብት በዐይኑ ፊት አልቆበት እረኝነቱን የፈታ ልጅ። ያን ቀን የዘመተው ሁሉ አንድ የቀበረው፣ ወይም ሳይቀብር ያለፈው ሰው ነበረው። ከዚህ ተነሥተው «ረሃቡ አጠነከራቸው» የሚሉ አሉ፤ እኔ አልልም። ረሃብ ማንንም አያጠነክርም፤ የሞቱት ቢኖሩ ኖሮ እነሱም ይዘምቱ ነበር።

የበሽታውን መጨረሻ ሳልነግራችሁ ብሄድ ትረካው ጎደሎ ይሆናል። ደስታ ከዚያ በኋላም እየተመላለሰ ከብት ፈጅቷል። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ገደማ ኬንያ ውስጥ ሙጉጋ በሚባል የምርምር ጣቢያ ዋልተር ፕላውራይት የተባለ እንግሊዛዊ የእንስሳት ሐኪም ከነጓዶቹ ሁነኛ ክትባት ሠራ። ክትባቱ ደግ ነው፤ ሙቀት ግን አይችልም። ያለ በረዶ ከተጓዘ ይበላሻል። አፋር በረሃ ላይ ማን ነው በረዶ ተሸክሞ ከብት የሚከተል? ቆይቶ ሙቀት የሚችል ዓይነት ተሠራ፤ ያኔ ሥራው ከከተማ ሐኪም እጅ ወጥቶ ለራሳቸው ለአርብቶ አደሮቹ ተሰጠ። ከየጎሳው ሰው ተመርጦ ሠለጠነ። የትኛው መንጋ የት ውሃ እንደሚወርድ፣ የትኛዋ ጥጃ ዘንድሮ እንደተወለደች የሚያውቁት እነሱ ናቸው። መርፌውን ይዘው ከብቱ ወዳለበት በእግራቸው ሄዱ። በኢትዮጵያ የመጨረሻው የደስታ ወረርሽኝ የታየው እዚያው አፋር በ1988 ዓ.ም. ነው፤ ከዓድዋ መቶ ዓመት በኋላ ማለት ነው። በ2000 ዓ.ም. አገሪቱ ከበሽታው ነጻ መሆኗ ታወቀ። ሰኔ 2003 ላይ የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት በሽታው ከምድረ ገጽ መጥፋቱን አወጀ፤ ከፈንጣጣ ቀጥሎ በሰው ጥረት የጠፋ ሁለተኛው በሽታ ነው። የድርጅቱ ዋና መሥሪያ ቤት ያለው ሮማ ነው፤ አዋጁም የተነገረው እዚያው ነው። ምጽዋ ላይ የወረዱትን ከብቶች ያስጫነውም መንግሥት የሮማ ነበርና፣ ታሪክ አንዳንዴ ቀልድ ያውቃል።

በሽታው ይጥፋ እንጂ አንድ በሬ ብቻ ያለው ገበሬ ዛሬም በየአገሩ ሞልቷል። የእርሻ ወራት ሲቃረብ ጎረቤቱ ደጅ ሄዶ ይቆማል። «ዘንድሮስ እንቀናጅ?» ይላል። ጎረቤቱ ወዲያው እሺ አይልም፤ ወግ ነው፣ ትንሽ ያለማምጠዋል። «ያንተ በሬ ቁልቁለት ላይ ይተኛል» ይለዋል። «ያንተስ አይዋጋም?» ይላል ይኸኛው። እንዲህ ሲነቋቆሩ ቆይተው፣ መጀመሪያ የማን ማሳ ይታረስ በሚለው ይከራከራሉ።